የእምነት ክስና የሥልጣን ለውጥ፦ ስለ ልጅ ኢያሱ መሻር የሚነገሩ ሦስት ትረካዎች ሒሳዊ ንባብ

መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም.፣ የመስቀል በዓል በሚከበርበት ዕለት፣ በአዲስ አበባ የተሰበሰቡ የሸዋ መኳንንትና የቤተ ክህነት አባቶች ልጅ ኢያሱን ከሥልጣን አወረዱ። ወይዘሮ ዘውዲቱ ምኒልክ ንግሥት፣ ተፈሪ መኰንን ደግሞ አልጋ ወራሽ እንዲሆኑ ተወሰነ። ለመሻሩ በአደባባይ የቀረበው ዋና ምክንያት ልጅ ኢያሱ ክርስትናን ትተው ሰልመዋል የሚል ነበር። ልክ በወሩ፣ ጥቅምት 17 ቀን፣ የልጃቸውን ዙፋን ለመመለስ የዘመቱት ንጉሥ ሚካኤል ሰገሌ ላይ ተሸንፈው ተማረኩ፤ ወሎም ከዚያ በኋላ የተሸናፊ አገር ሆነ።

ስለዚህ ክስ ከመቶ ዓመት በላይ ተጽፏል፣ ተነግሯልም። በዚህ ጽሑፍ ልጅ ኢያሱ ሰልመው ነበር ወይስ አልሰለሙም የሚለውን ጥያቄ ለመፍረድ አልሞክርም። የምመረምረው ጥያቄውን የምናነሣበትን መንገድ ነው። በመማሪያ ክፍል፣ በመድረሳና በሚንበር ላይ ስለ ልጅ ኢያሱ የሚነገሩ ሦስት ትረካዎች አሉ፤ የከሳሹ፣ የባለቤትነት ጠያቂውና የነጻ አውጪው ትረካ ብዬ እጠራቸዋለሁ። ሦስቱ እርስ በርሳቸው የሚቃረኑ ቢመስሉም በአንድ መሠረት ላይ የቆሙ ናቸው። መሠረቱ የተሳሳተ መሆኑንና ስሕተቱም ከአንድ ሰው ታሪክ አልፎ የኢትዮጵያ ሙስሊም በአገሩ ፖለቲካ ውስጥ የሚኖረውን ቦታ የሚነካ መሆኑን ለማሳየት እሞክራለሁ።

ጉዳዩ ለወሎና ለላስታ መምህራን የሩቅ ወሬ አይደለም። ከወልዲያ ወገን ወደ ላሊበላ በሚያልፈው መንገድ ላይ እንደምትገኘው እንደ ኩልመስክ ባለ የደጋ ከተማ፣ የክርስቲያኑና የሙስሊሙ ልጅ በአንድ ወንበር ተቀምጠው ይህንኑ የታሪክ ምዕራፍ ይማራሉ። መምህሩ «ስለ ሰለመ ወረደ» ብሎ ሲያልፍ ሁለቱ ልጆች የሚሰሙት አንድ ዓረፍተ ነገር ይሁን እንጂ የሚቀበሉት መልእክት አንድ አይደለም። ላስታም የታሪኩ ተመልካች ብቻ አልነበረችም። ልጅ ኢያሱ በ1913 ዓ.ም. ከተያዙ በኋላ እስከ 1924 ዓ.ም. ድረስ በፍቼ በግዞት የጠበቋቸው ራስ ካሣ ኃይሉ በአባታቸው ወገን ከላስታ ገዥ ቤት የተወለዱ፣ የዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ የወንድም ልጅ ነበሩ። እስረኛው ከወሎ፣ ጠባቂው ከላስታ መሆናቸው የዚያ ዘመን ፖለቲካ በእምነት ብቻ የተከፈለ ሳይሆን በቤትና በአገር የተሳሰረ እንደነበር ያስታውሰናል።

የከሳሹ ትረካ

የመጀመሪያው ትረካ የአሸናፊዎቹ ነው። ልጅ ኢያሱ መስጊድ ገብተው ሰግደዋል፤ ጥምጥም ጠምጥመዋል፤ የሙስሊም ሴት ልጆችን አግብተዋል፤ ሰንደቅ ዓላማ ላይ የጨረቃ ምልክት አስደርገዋል፤ የዘር ሐረጋቸውንም ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አስጠግተዋል የሚሉ ክሶች ተደርድረዋል። ዜና መዋዕልና የግል ማስታወሻ የጻፉልን ሰዎች አብዛኞቹ ከአዲሱ መንግሥት ጋር የኖሩ ናቸው። የሁለቱን ዘመናት ማለትም የልጅ ኢያሱንና የንግሥት ዘውዲቱን ታሪክ የጻፉት አለቃ ገብረ እግዚአብሔር ኤልያስም የቤተ ክህነት ሰው ነበሩ። ይህ የጻፉትን ሁሉ ውድቅ አያደርገውም፤ አንባቢው ግን ጸሐፊው የት ቆሞ እንደሚናገር እንዲያስተውል ያስገድደዋል።

የሐዲስ ሊቃውንት ያወረሱን ሚዛን እዚህ ላይ ይጠቅመናል። አንድ ዘገባ ሲቀርብ በመጀመሪያ ዘጋቢው ይመረመራል፣ ቀጥሎ የዘገባው ቃል ይመረመራል። በፊቅህም ተከራካሪ በተከራካሪው ላይ የሚሰጠው ምስክርነት ተቀባይነት የለውም። በዚህ ሚዛን ስንለካው የመስከረም 17ቱ ክስ የመጣው ከተከራካሪዎች ነው። ከክሱ አንድ ወር ያህል ቀደም ብሎ፣ በነሐሴ 1908 ዓ.ም.፣ ልጅ ኢያሱ ተፈሪ መኰንንን ከአባታቸው ከራስ መኰንን ጊዜ ጀምሮ የቤተሰቡ መሠረት ከነበረው ከሐረር ግዛት አንሥተው ነበር። የዐፄ ምኒልክ የቅርብ ሰዎች የነበሩት የሸዋ መኳንንትም ወጣቱ መሪ ከእነርሱ ርቆ ከዳር አገር ባላባቶች ጋር አዲስ ወዳጅነት ሲመሠርት ቦታቸው እየጠበበ መሄዱን ያዩ ነበር። በ1906 ዓ.ም. ራስ ሚካኤል የወሎና የትግራይ ንጉሥ ሆነው መንገሣቸው የኃይል ሚዛኑ ወደ ሰሜን እያዘነበለ መሆኑን ለሁሉም አሳይቷል።

ሌላው ተከራካሪ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው። ጊዜው የአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነበር። ቱርክ ከጀርመን ጋር ተሰልፋለች፤ በአዲስ አበባ የሚገኙት የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የኢጣልያ ሌጋሲዮኖች ደግሞ በቀይ ባሕር አካባቢ ያሏቸውን ቅኝ ግዛቶች ይጠብቃሉ። ልጅ ኢያሱ እንግሊዝንና ኢጣልያን በሶማሌ ምድር ይወጉ ከነበሩት ከሰይድ ሙሐመድ ዐብደላ ሐሰን ጋር መገናኘታቸው፣ ከቱርኩ ቆንስል ከመዝሐር ቤይ ጋርም መቀራረባቸው ለሦስቱ መንግሥታት ትልቅ ስጋት ሆነ። ከመስከረም 17 በፊት በነበሩት ቀናት ሌጋሲዮኖቹ ተቃውሟቸውን በጽሑፍ አቅርበዋል። ለእነርሱ የልጅ ኢያሱ ሶላት አሳሳቢ አልነበረም፤ የሚያሳስባቸው የቅኝ ግዛታቸው ጸጥታ ነበር። ይሁን እንጂ «ሰልሟል» የሚለው ቃል የቅኝ ገዥዎቹንም ሆነ የመኳንንቱን ጉዳይ በአንድነት ሊሸከም የሚችል ሆኖ ተገኘ።

እዚህ ላይ መጠየቅ ያለበት አንድ ጥያቄ አለ። መኳንንቱ ቅሬታቸው የግዛትና የሹመት ከሆነ፣ ለምን በግዛትና በሹመት ስም አልከሰሱም? መልሱ በመሐላው ውስጥ ይገኛል። ዐፄ ምኒልክ በ1901 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱን ወራሻቸው አድርገው ሲያውጁ ቃላቸውን በሚያፈርስ ሰው ላይ እርግማን አስረዋል፤ መኳንንቱም በዚህ ቃል ኪዳን ታስረዋል። ይህን መሐላ በአስተዳደር በደል ወይም በፖለቲካ ስሕተት ማፍረስ አይቻልም ነበር፤ በሃይማኖት የታሰረ የሚፈታው በሃይማኖት ብቻ ነውና። መሐላውን የመፍታት ሥልጣን ያላቸውም ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስ ነበሩ፤ እሳቸው ሊፈቱት የሚችሉትም የመሐላው ባለቤት ከክርስትና ወጥቷል ከተባለ ነው። ስለዚህ የእምነት ክሱ ከብዙ ክሶች አንዱ ሆኖ የቀረበ ሳይሆን በሩን ሊከፍት የሚችል ብቸኛው ቁልፍ ነበር። ክሱ እውነትም ይሁን ሐሰት፣ የሥልጣን ለውጡ ያለ እርሱ ሊካሄድ አይችልም ነበር። የአገልግሎቱ ልክ እንዲህ የሆነ ክስ ደግሞ ከሌላው ሁሉ የበለጠ ማጣራት ይፈልጋል። በሱረቱል ሑጁራት ወሬ ይዞ የሚመጣን እንድናጣራ የታዘዝነው ሳናውቅ ሕዝብ እንዳንጎዳ ነው፤ በሰገሌ ሜዳ ያለቀው ሕዝብ የዚህ ትእዛዝ ማብራሪያ ሆኖ ሊነበብ ይችላል።

የቀረቡት ማስረጃዎችም በቅደም ተከተል ሲመዘኑ ክብደታቸው ይቀንሳል። በሙስሊም አለባበስ ተነሥተውታል የተባለው ፎቶግራፍ እውነተኛ ቢሆን እንኳ ልብስን እንጂ እምነትን አያሳይም፤ ሐረርን የጎበኘ መሪ የአገሬውን ልብስ ቢለብስ የአክብሮት ምልክት ሊሆን ይችላል። ከአፋርና ከጅማ ባላባቶች ቤት ማግባታቸውም የጋብቻ ፖለቲካ ነው፤ የኢትዮጵያ ነገሥታት ሁሉ ግዛት ያስተሳሰሩበት ጥንታዊ መንገድ ነበር። ራሳቸው ልጅ ኢያሱ የተወለዱት ዐፄ ምኒልክ ልጃቸውን ሸዋረጋን ለራስ ሚካኤል በመዳር ወሎንና ሸዋን ካስተሳሰሩበት ጋብቻ ነው።

የባለቤትነት ጠያቂው ትረካ

ሁለተኛው ትረካ የእኛው ነው። ክሱን ከከሳሾቹ እጅ ተቀብሎ ወደ ክብር ይለውጠዋል። ልጅ ኢያሱ በድብቅ የሰለሙ ንጉሥ ናቸው፤ ስለ ዲናቸው ዙፋናቸውን አጡ፤ በ1928 ዓ.ም. በእስር ሳሉ ሲሞቱም ሰማዕት ሆኑ ይላል። በተለይ ወጣቶች ዘንድ ይህ ትረካ ተወዳጅ ነው። ተወዳጅነቱን መረዳት አያዳግትም። በመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ የሙስሊሙ ስም አልፎ አልፎ ብቻ ሲነሣ፣ ያውም እንደ ወራሪ ወይም እንደ ነጋዴ ሆኖ ሲነሣ የኖረ ትውልድ፣ ዙፋን ላይ የተቀመጠ አንድ የራሱ ሰው ቢፈልግ አይፈረድበትም።

ሆኖም ፍላጎት ማስረጃ አይሆንም። የከሳሽን ቃል ሲጎዳን ውሸት፣ ሲጠቅመን እውነት ልንለው አንችልም። ዘጋቢው በጥላቻው ምክንያት የማይታመን ከሆነ፣ ከእርሱ ሰምተን የምንገነባው ክብርም መሠረት የለውም። ምናልባት የነጃሺን ታሪክ በምሳሌነት የሚያነሣ ይኖር ይሆናል፤ እሳቸውም እምነታቸውን በግልጽ በማያውጁበት አገር የነገሡ ነበሩና። ልዩነቱ ግን ሰፊ ነው። የነጃሺ እስልምና የተረጋገጠው በተቀናቃኞቻቸው ክስ ሳይሆን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በሞቱበት ቀን የሞታቸውን ዜና ለባልደረቦቻቸው ነግረው በሌሉበት የጀናዛ ሶላት ስለ ሰገዱላቸው ነው፤ ይህም በቡኻሪና በሙስሊም የጸና ዘገባ ነው። ለልጅ ኢያሱ እንዲህ ያለ ዘገባ ቀርቶ ከራሳቸው አንደበት የተገኘ ግልጽ ምስክርነት እንኳ ይዘን አንከራከርም።

ይህ ትረካ ሌላም ጉዳት አለው፤ የወሎን እስልምና ታሪክ በአንድ ዙፋን ላይ ያንጠለጥለዋል። የወሎ እስልምና የጸናው በንጉሥ አልነበረም። በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ የሙስሊም ሹማምንት እንዲጠመቁ ወይም ሹመታቸውን እንዲለቁ ባዘዙ ጊዜ፣ ኢማም ሙሐመድ ዐሊ ተጠምቀው ራስ ሚካኤል ሆኑ። በዚያው ዘመን እነ ሼኽ ጦልሐ ብን ጃዕፈር ግን ትእዛዙን ተቃውመው ሕዝቡን አስከትለው ታገሉ። የሼኾች መድረሳዎችና የዚያራ ስፍራዎች ዲኑን ከትውልድ ወደ ትውልድ አሻገሩት። ፕሮፌሰር ሑሴን አሕመድ በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን የወሎ እስልምና ላይ ባሳተሙት ሥራ ያጎሉት ይህንኑ የዑለማውን ድርሻ ነው። የተጠመቀውን ባላባት ልጅ ለማክበር ስንል ያልተጠመቁትን ዑለማ ወደ ጥግ መግፋት የለብንም።

በተጨማሪም ስለ ሰው ልብ መፍረድ ለእኛ አልተሰጠንም። የኡሳማ ብን ዘይድ (ረ.ዐ.) ታሪክ የሰውን ልብ ሰንጥቆ ማየት የሰው ሥልጣን አለመሆኑን ያስተምረናል። ይህን ትምህርት የምናነሣው ብዙውን ጊዜ ሰውን ከእስልምና ለማውጣት የሚጣደፈውን ለመገሠጽ ነው፤ ያለ ማስረጃ ሰውን ወደ እስልምና ለሚያስገባ ታሪክ ጸሐፊም ይሠራል።

የነጻ አውጪው ትረካ

ሦስተኛው ትረካ የቅርብ ጊዜ ተመራማሪዎችና የእነርሱ አንባቢዎች የሚያቀርቡት ነው። ከሦስቱ የተሻለ ምርምር ያለው ይህ ነው። ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ በዘመናዊ ኢትዮጵያ ታሪካቸው ልጅ ኢያሱ የከተማ ፖሊስ ማቋቋማቸውንና የአስተዳደር ማሻሻያ መሞከራቸውን አንሥተው፣ ሰውየው በአሸናፊዎች ብዕር ብቻ እንዳይታዩ መንገድ ከፍተዋል። ኤሎይ ፊኬና ወልበርት ስሚት አዘጋጅተው እ.ኤ.አ. በ2014 ያሳተሙት የጥናቶች ስብስብም በአዳዲስ ሰነዶች ይህንኑ መንገድ አስፍቶታል። የእነዚህ ምሁራን ውለታ ትልቅ ነው፤ ልጅ ኢያሱ ሙስሊሙን የአገሩ ሙሉ አባል ለማድረግ የሞከሩ መሪ ሆነው ሊታዩ እንደሚችሉ አሳይተዋል።

ትችቴ በምርምሩ ላይ ሳይሆን ምርምሩ ወደ አደባባይ ሲወርድ በሚይዘው ቅርጽ ላይ ነው። በጋዜጣ፣ በክፍል ውስጥና በውይይት ላይ ጉዳዩ «ኢያሱ በእውነት አልሰለሙም፤ ስለዚህ ክሱ ሐሰት ነው፤ ስለዚህ መሻራቸው በደል ነው» ወደሚል ይጠቀለላል። ይህ ሰንሰለት ውብ ቢመስልም መካከለኛው ቀለበት አደገኛ ነው። መሻራቸው በደል የሆነው ስላልሰለሙ ነው ከተባለ፣ ሰልመው ቢሆን ኖሮ መሻራቸው ፍትሕ ይሆን ነበር ማለት ነው። ነጻ አውጪው ተከሳሹን ከክሱ ያወጣዋል፤ እስልምናን ግን ወንጀል አድርጎ በመዝገቡ ላይ ይተወዋል። ክርስቲያን መምህር ይህን ሲናገር ሙስሊሙን ተማሪ እንደጎዳ ላያውቅ ይችላል፤ ሙስሊም መምህርም ሳያስተውል ይደግመዋል።

ሦስቱ ትረካዎች የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው። ከሳሹ «ሰልሟል፤ ስለዚህ መሪ ሊሆን አይችልም» ይላል። ባለቤትነት ጠያቂው «ሰልሟል፤ ስለዚህ የእኛ መሪ ነው» ይላል። ነጻ አውጪው «አልሰለመም፤ ስለዚህ መሪ ሊሆን ይገባው ነበር» ይላል። ሦስቱም የመሪነትን ጥያቄ በእምነት መዝገብ ላይ ይጽፋሉ። ትክክለኛው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ የአንድ ሰው እምነት በአገሩ ላይ ያለውን መብት ሊወስን ይገባዋልን?

ከቱኒዚያ የሚገኝ ማነጻጸሪያ

ይህ ችግር የኢትዮጵያ ብቻ፣ የክርስቲያን መንግሥት ብቻም አይደለም። ሕዝቧ ከሞላ ጎደል ሙስሊም የሆነው የቱኒዚያ ታሪክ እምነት የፖለቲካ ክስ ሲሆን ምን እንደሚያደርግ በሌላ ወገን ያሳየናል።

ቱኒዚያ እ.ኤ.አ. ከ1881 ጀምሮ በፈረንሳይ ሞግዚትነት ሥር ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1923 የወጣ ሕግ ቱኒዚያውያን የፈረንሳይን ዜግነት በቀላሉ እንዲወስዱ ፈቀደ። ይህን ዜግነት የወሰደ ሰው ከሸሪዓ ፍርድ ቤት ወጥቶ በፈረንሳይ ሕግ ይዳኛል። እ.ኤ.አ. በ1932 መጨረሻ በቢዜርት ከተማ ዜግነቱን የለወጠ አንድ ሰው ሲሞት፣ የከተማው ሙፍቲ በሙስሊም መቃብር እንዳይቀበር ፈትዋ ሰጡ። ጉዳዩ አገር አቀፍ ሆነ። ወጣቱ ጠበቃ ሐቢብ ቡርጊባ በሚጽፍበት ጋዜጣ ይህን የመቃብር ክርክር ወደ ሕዝብ ንቅናቄ አሳደገው፤ እ.ኤ.አ. መጋቢት 2 ቀን 1934 በቅስር ሂላል ለተመሠረተው አዲሱ የደስቱር ፓርቲም አንዱ መንደርደሪያ ይኸው ነበር። የሚገርመው፣ ቡርጊባ ነጻነት ከተገኘ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1956 የቤተሰብ ሕግ አውጥቶ ከአንድ በላይ ማግባትን ከለከለ፣ የሸሪዓ ፍርድ ቤቶችንም ዘጋ። በ1933 «ከእስልምና የወጣ በእኛ መቃብር አይቀበርም» ሲል የነበረው ትግል የሃይማኖት ጥብቅና ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህ ባልሆነ ነበር። ለትግሉ አስፈላጊ የነበረው ድንበር ነው፤ እምነትም በዚያ ጊዜ የተገኘ ጠንካራው ድንበር ነበር። ድንበሩ የተሠመረው በባዕድ ገዥ ላይ ስለነበር ዓላማውን ልንረዳ እንችላለን፤ ግን መሣሪያው አንዴ ከተሳለ በኋላ ማንም ሊያነሣው ይችላል።

መሣሪያው ከሰባ ዓመት በላይ ቆይቶ እንደገና ተነሣ። እ.ኤ.አ. በ2011 ቤን ዐሊ ከወረዱ በኋላ በራሺድ አል ገኑሺ የሚመራው የነህዳ ፓርቲ በጥቅምቱ ምርጫ ከ217 የመማክርት ጉባኤ መቀመጫዎች 89ኙን አሸንፎ ከሁለት ሃይማኖታዊ ካልሆኑ ፓርቲዎች ጋር መንግሥት መሠረተ። በ2013 በየካቲት ሹክሪ በልዒድ፣ በሐምሌ ሙሐመድ ብራህሚ የተባሉ ሁለት የግራ ወገን ፖለቲከኞች ተገደሉ። በአደባባይ «የእስልምና ጠላት» እየተባሉ የሚጠሩ ሰዎች ሕይወት አደጋ ላይ መውደቁ ግልጽ ሆነ። እ.ኤ.አ. በጥር 2014 የጸደቀው ሕገ መንግሥት በስድስተኛው አንቀጹ መንግሥትን የሃይማኖት ጠባቂ ካደረገ በኋላ የሕሊና ነጻነትን አጸና፣ ተክፊርንም ከለከለ። ይህን አንቀጽ ካጸደቁት መካከል የነህዳ ተወካዮች ይገኙበታል። በግንቦት 2016 በተካሄደው አሥረኛ ጉባኤውም ፓርቲው የፖለቲካ ሥራን ከዳዕዋ ሥራ ለይቷል።

ነህዳን ማወደስም ሆነ መንቀፍ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም። ፓርቲው በአስተዳደር ላይ የፈጸማቸው ስሕተቶች በቱኒዚያውያን ዘንድ በሰፊው የሚወቀሱ ናቸው። ለእኛ የሚጠቅመው ነጥብ ግን ይህ ነው፦ በሙስሊሞች መካከል፣ በሙስሊሞች እጅ፣ ተክፊር የፖለቲካ መሣሪያ እንዳይሆን በሕገ መንግሥት ደረጃ ተከልክሏል፤ ይህም እስልምናን ለመቀነስ ሳይሆን ከመጠቀሚያነት ለመጠበቅ የተደረገ ነው ብለው የተከራከሩ የእስልምና ፖለቲከኞች ነበሩ። ማስጠንቀቂያም አለበት። ያ ሕገ መንግሥት እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2022 በተካሄደ ሕዝበ ውሳኔ በሌላ ተተክቷል፤ ገኑሺም በሚያዝያ 2023 ታስረዋል። በወረቀት የተጻፈ ጥበቃ የሚቆየው ሰዎች በልማዳቸውና በትምህርታቸው ሲይዙት ብቻ ነው። ለመምህርና ለኢማም የሚቀረው ሥራም ከዚህ ይጀምራል።

ክሱ በኢትዮጵያ ሙስሊም ላይ ያስከተለው

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የ1909ኙ ክስ ትልቁ ጉዳት በልጅ ኢያሱ ላይ የደረሰው አይደለም። ክሱ «ሙስሊም መሆንና ኢትዮጵያን መምራት አይጣጣሙም» የሚለውን ሐሳብ በመንግሥት ለውጥ ደም አተመው። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 126 የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንን የመንግሥት ሃይማኖት ሲያደርግ ያንኑ ሐሳብ በሕግ ቋንቋ ጻፈው። ለሃምሳ ሰባት ዓመታት ያህል ሙስሊሙ በገዛ አገሩ ግብር የሚከፍል፣ በጦር ሜዳ የሚሞት፣ ግን በአደባባይ «በኢትዮጵያ የሚኖር እስላም» እየተባለ የሚጠራ ሰው ሆኖ ኖረ። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የወጣው ከመቶ ሺህ በላይ የተገመተው ሰልፍ ጥያቄው ይህ ነበር። ሰልፈኞቹ ሙስሊም ንጉሥ አልጠየቁም፤ ልጅ ኢያሱ ሰማዕት ተብለው እንዲታወጁም አልጠየቁም። የጠየቁት የሃይማኖትና የመንግሥት መለያየትን፣ የበዓላቸውን መከበርና የዜግነት እኩልነትን ነው። ክርስቲያን ወገኖቻቸውም አብረዋቸው መሰለፋቸው ጥያቄው የአንድ እምነት ብቻ እንዳልነበረ ያሳያል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን ሲደነግግ ለዚያ ጥያቄ መልስ ሰጥቷል።

የሰልፉ ጥያቄ ከሦስቱ ትረካዎች ይልቅ ትክክለኛ የነበረው እምነትን ከመብት መለኪያነት ስላወጣው ነው። እኛ ግን በታሪክ ትምህርታችን ውስጥ ከሰልፉ ወደ ኋላ ተመልሰን ወደ መስከረም 17 ክርክር እንገባለን።

ከዚህ ቀጥሎ ደግሞ የማይመች እውነት አለ። ክሱ በውጭ ብቻ የቀረ አይደለም። ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ በመጅሊስ አመራር፣ በአወሊያና በአሕባሽ ሥልጠና ዙሪያ በተነሣው ውዝግብ፣ «ወሀቢያ»፣ «አሕባሽ»፣ «ቁቡሪ» የሚሉ ስያሜዎች የዓቂዳ መለያ ከመሆን አልፈው ሰውን ከሚንበር፣ ከኮሚቴና ከመስጊድ ቁልፍ ለማራቅ ሲያገለግሉ አይተናል። ሚያዝያ 23 ቀን 2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዑለማው ተስማምቶ የጋራ አመራር መመሥረቱ፣ በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1207ም ለጠቅላይ ምክር ቤቱ ሕጋዊ ሰውነት መስጠቱ ትልቅ እርምጃ ነው። ነገር ግን ስምምነት በዋና ከተማ ተፈርሞ በወረዳ መስጊድ ሊፈርስ ይችላል። በአንዲት ትንሽ የደጋ ከተማ ጥቂት ሙስሊም ቤተሰቦች ባሉበት አንድ ኢማም በዓቂዳ ክስ ሲነሣ የሚጎዳው አንድ ሰው አይደለም፤ የልጆች ቂርኣት፣ የጀናዛ ሥርዓትና የጎረቤት ክርስቲያን ለሙስሊሙ ያለው ግምት ሁሉ አብሮ ይነካል። የዓቂዳ ልዩነት በዒልም ይመዘናል፣ ይተቻልም፤ የሥልጣን ሽኩቻን የዓቂዳ ልብስ ማልበስ ግን በመስከረም 17 የተደረገውን በራሳችን ላይ መድገም ነው።

ለመምህሩና ለኢማሙ

ከላይ ከተነሡት ነጥቦች በመነሣት በተግባር ሊሠሩ የሚችሉ ጥቂት ሐሳቦችን አቀርባለሁ።

የታሪክ መምህሩ ስለ ልጅ ኢያሱ ሲያስተምር «ሰልሞ ነበር ወይስ አልሰለመም?» በሚለው ጥያቄ አይጀምር። ከዚያ ይልቅ ተማሪዎቹ ሦስት ነገሮችን እንዲለዩ ያድርግ፦ ክሱን ማን አቀረበው፣ በዚያ ወር ከሳሹ ምን ሊያጣ ወይም ሊያገኝ ነበር፣ ክሱስ የትኛውን በር ከፈተ? የመሐላውና የግዝቱ ጉዳይ ሲብራራ ክርስቲያኑ ተማሪ ቤተ ክርስቲያኑ በክስ የተወቀሰች አይመስለውም፤ ሙስሊሙ ተማሪም እምነቱ የውርደት ምክንያት ሆኖ አይሰማውም። ሁለቱም የሚማሩት ሥልጣን የሚፈልጉ ሰዎች ሃይማኖትን እንዴት እንደሚጠቀሙበት ነው።

የመድረሳው ኡስታዝ የጀርሕና የተዕዲልን መሠረት ሲያስተምር ምሳሌዎቹን ከጥንት ዘጋቢዎች ብቻ ሳይሆን ከአገሩ ታሪክም ሊወስድ ይችላል። የመስከረም 17ቱ ክስ የባለጉዳይ ምስክርነት ምን እንደሚመስል ለማሳየት ተስማሚ ምሳሌ ነው። ደረሳው ይህን ሚዛን በታሪክ ላይ ከተለማመደ ነገ በመንደሩ ስለ ጎረቤቱ በሚወራ ወሬ ላይም ይጠቀምበታል።

ኢማሙ ደግሞ በኹጥባው ልጅ ኢያሱን ቢያነሣ እንደ ሰማዕት ከማቅረብ ይቆጠብ፤ እንደ ከሐዲ ሲቀርቡ ዝም ብሎ ከመስማትም እንዲሁ። ጉባኤው የሚያስፈልገው ምክር ግልጽ ነው፤ የሰው እምነት በአላህና በባሪያው መካከል ያለ ጉዳይ ሲሆን፣ ሹመትም ሆነ መብት በሥራ፣ በአማናና በሕግ ይመዘናል። ኢማሙ ይህን መለኪያ በመስጊዱ የኮሚቴ ምርጫ ላይ ሲሠራበት ጉባኤው ከኹጥባው ይልቅ ከተግባሩ ይማራል።